ሰው በሚዛን ፊት

ሰው ሰውን ሊመዝን ይችላልን? ቢችልስ ሚዛኑ እስከ ምን ድረስ ይደርሳል? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም። አሠሪ ሠራተኛ ሲቀጥር፥ መምህር ተማሪውን ሲፈትን፥ ሽማግሎች ስለ አንድ ወጣት ጠባይ ሲጠየቁ፥ እያንዳንዱ በበኩሉ ሚዛን ያነሣል። የሚሰጠው ፍርድ የአንድን ሰው የሕይወት ጉዞ ሊያቃና ወይም ሊያጣምም ስለሚችል፥ ነገሩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው።

ውድ አንባብያን፥ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የመረጥነው ምሳሌ ከወትሮው ርእሳችን ራቅ ያለ ነው። ይኸውም በአሜሪካ የሙያ እግር ኳስ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ የሚመርጡበት ሥርዓት፥ በተለይም «ታይት ኤንድ» ለሚባለው የጨዋታ ስፍራ የሚታጩት ወጣቶች የሚመዘኑበት መንገድ ነው። ምሳሌውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላው የሥራ መስክ ሰው የሚመዘነው አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ቤት ነው። በዚህ ግን ምዘናው በአደባባይ፥ በቁጥርና በገንዘብ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሁሉ ይታያል። ስለዚህ የሰው ፍርድ የት እንደሚጸና፥ የትም እንደሚሰናከል ከዚህ መማር ይቻላል። ደግሞም በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ጨዋታውን እያዩ ስለሚያድጉ፥ ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ ሊባል አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርጫው ሥርዓት

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው ጨዋታ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፥ በእጅም ይወረወራል። ከእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ይገፋል፥ ሌላው ያግደዋል። የአገሪቱ ከፍተኛ የሙያ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። እነዚህ ቡድኖች በየዓመቱ በሚያዝያ ወር በሰባት ዙር ከ250 የሚበልጡ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ። በደንቡ መሠረት በቀደመው ውድድር ዝቅተኛ ውጤት ያገኘው ቡድን መጀመሪያ፥ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል። ዓላማውም ብርቱው ቡድን ምርጦቹን ሁሉ ጠቅልሎ እንዳይወስድና ደካማው እንዲያንሠራራ ነው።

ይህ አሠራር በራሱ የፍትሕ መልክ አለው። ሆኖም በቡድኖች መካከል ፍትሕ የሆነው ነገር ለወጣቱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ሌሎች በሙያቸው የሚሠሩበትን ስፍራ አፈላልገው ሲመርጡ፥ እርሱ ግን በሙያ ሕይወቱ መጀመሪያ ላይ የትኛው ከተማ እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚወሰነው በሌሎች ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1936 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ነበር። ያን ጊዜ ቡድኖቹ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። በአንደኛነት የተመረጠው ጄይ በርዋንገር የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሲሆን፥ በቀደመው ዓመት በዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ የላቀ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሞ ነበር። ይሁን እንጂ በርዋንገር በሙያ ሊጉ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ሌላ ሥራ መረጠ። መራጮቹ ችሎታውን በትክክል አይተው ነበር፤ ፈቃዱ ግን በሚዛናቸው ላይ አልወጣም። እንግዲህ በሰው ውስጥ ሚዛን የማይደርስበት ነገር መኖሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታይቷል ማለት ነው።

ሁለት ሥራ የተሸከመ ተጫዋች

ከጨዋታው ስፍራዎች ሁሉ ታይት ኤንድ የሚባለውን ነጥለን የምናነሣው ለምዘና እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ ነው። በማጥቃት ሰልፍ መካከል አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ይቆማሉ። የእነርሱ ሥራ ተቃራኒውን በአካላቸው መግታትና ለባልንጀራቸው መንገድ መክፈት ነው፤ እንደ ተለመደው ደንብ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። በዳር በኩል ደግሞ ፈጣንና ቀላል የሆኑ ኳስ ተቀባዮች ይቆማሉ። ታይት ኤንድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በሰልፉ ጫፍ ተጠግቶ ይቆማል፤ አንድ ጊዜ እንደ ግዙፎቹ ይገፋል፥ አንድ ጊዜ እንደ ፈጣኖቹ ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከ1.90 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱም 110 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል።

ከሁለቱ ሥራዎቹ አንዱ ይቈጠራል፥ ሁለተኛው ግን አይቈጠርም። የተቀበላቸው ኳሶች፥ የሮጠው ርቀት፥ ያስቈጠረው ነጥብ በሊጉ መዝገብ ይሰፍራሉ። ባልንጀራው እንዲያልፍ ተቃራኒውን የገፋባቸው ጊዜያት ግን በዚያ መዝገብ ላይ ዓምድ የላቸውም። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ኳሱን ይዞ ለሮጠው ነው፤ መንገዱን የከፈተለት ከመሬት ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ ወደ ሰልፉ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት ተጫዋቾችን በሜዳው ስፋት በመበተን ስለሆነ፥ ወጣቱ ታይት ኤንድ ከሰልፉ ርቆ ኳስ በመቀበል ብቻ ሊያድግ ይችላል። የሙያ ቡድን መልማይ እንግዲህ ወጣቱ ከዚህ በፊት ታዝዞ ስለማያውቀው ሥራ መፍረድ ይኖርበታል። ያላየውን ካየው ተነሥቶ መገመት አለበት፤ ከባዱ የምዘና ሥራም ይኸው ነው።

ሚዛን ጥቅም አለው

ዕጩዎቹ ከምርጫው በፊት፥ በየካቲት ወር መጨረሻ ገደማ፥ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ይጠራሉ። ይህ ፈተና ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ከተማ ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያም ከ300 የሚበልጡ ወጣቶች ቁመታቸው፥ ክብደታቸው፥ የክንዳቸው ርዝመትና የመዳፋቸው ስፋት ሳይቀር ይለካል። 40 ያርድ፥ ማለት 36 ሜትር ተኩል ያህል፥ ሮጠው ጊዜያቸው በሰከንድ መቶኛ ይመዘገባል። በጀርባቸው ተንጋልለው 102 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ደጋግመው ያነሣሉ። ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘልላሉ፤ አቅጣጫ እየቀየሩ ይሮጣሉ። ሐኪሞች መገጣጠሚያቸውን ይመረምራሉ፤ ቡድኖችም አንድ በአንድ እየጠሩ ያነጋግሯቸዋል።

ይህን ትዕይንት የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም መካከል የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚያስታውሱ፥ በገበያ ላይ የቆመ ሰው አካል ሲለካና ሲዳሰስ የነበረበትን ዘመን ያመሳስላሉ። ትዝታው ከባድ በመሆኑ ነቀፋው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ልዩነቱን ግን መካድ አይገባም። እነዚህ ወጣቶች የመጡት በፈቃዳቸው ነው፤ ለድካማቸው ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ በማኅበራቸው በኩል ይደራደራሉ፤ እንደ በርዋንገርም እምቢ የማለት መብት አላቸው።

ከዚህም በላይ ሚዛን የድኻ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ሰዓት የማንን ልጅ እንደሚለካ አይጠይቅም። ስሙ ከማይታወቅ ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት በሁሉ ፊት ፈጥኖ ሲሮጥ፥ ቁጥሩን አይተው ሊንቁት ያሰቡ ሁሉ እንደገና ለማሰብ ይገደዳሉ። ሚዛን በሌለበት ስፍራ የሚፈርደው ዝምድና፥ ወሬና የሰው ፊት ነው። ስለሆነም መለካትን በደፈናው ማውገዝ ለተረሳው ወጣት አይጠቅመውም። ሻነን ሻርፕ ጆርጂያ ከሚገኝ ሳቫና ስቴት ከሚባል አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1990 ዓ.ም. በሰባተኛው ዙር በ192ኛ ተራ ተመረጠ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሙያው የክብር አዳራሽ አባል ሆነ። የተቀመጠበት ተራ ዝቅተኛ ቢሆንም፥ ቢያንስ ፈልጎ ያየው ሰው ነበር።

ሚዛን የማይደርስበት

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ቁጥርም እንዲሁ ነው። ወጣቱን እስከ ሜዳው በር ያደርሰዋል፤ በሜዳው ውስጥ የሚሆነውን ግን አይዋጋለትም። ለዚህም ከታይት ኤንዶች ታሪክ ጥቂት ምስክሮችን እንጥቀስ።

ጆርጅ ኪትል በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ የተቀበላቸው ኳሶች 48 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ሦስት ታይት ኤንዶች በመጀመሪያው ዙር ሲመረጡ፥ እርሱ እስከ አምስተኛው ዙር ቈይቶ በ146ኛ ተራ ለሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት፥ በ2018 ውድድር፥ በተቀበላቸው ኳሶች 1,377 ያርድ በማስመዝገብ እስከዚያ ጊዜ ማንም ታይት ኤንድ በአንድ ዓመት ያልደረሰበትን ልክ አገኘ። በኢንዲያናፖሊስ የተለካው ፍጥነቱ መልካም ነበር፤ ወደ ኋላ ያስቀረው የዩኒቨርሲቲ መዝገቡ ማነስ ነው። መዝገቡ ያነሰውም ቡድኑ ባዘዘው መሠረት ጉልበቱን ሌሎችን በመግታት፥ ማለት በማይቈጠረው ሥራ ላይ ስላዋለ ነበር። ከዚህ የምንማረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሰው ምን እንዲሠራ እንደ ታዘዘ እንጂ ምን መሥራት እንደሚችል አለመሆኑን ነው።

አንቶኒዮ ጌትስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ የሚመዘንበት መዝገብ ጭራሹን አልነበረውም። በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ቅርጫት ኳስ ነበርና። በ2003 ዓ.ም. በሰባቱም ዙር ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። የሳን ዲዬጎ ቡድን ያለ ምርጫ አስፈረመው፤ በዘመኑ መጨረሻ 116 ጊዜ ኳስ ተቀብሎ ተችዳውን በማስቈጠር በታይት ኤንዶች ዘንድ ቀዳሚ ሆነ። በ2025 ዓ.ም. የክብር አዳራሽ ተቀበለው። በቅርጫቱ ሥር ተቃራኒውን በጀርባው ከልሎ ኳስ መቀበልን የተማረበት ጥበብ በሌላ ሜዳ ፍሬ ሰጠ። ይህን ለማየት ከቁጥር ይልቅ ማስተዋል ያለው ዐይን ያስፈልግ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ካይል ፒትስ በ2021 ዓ.ም. በአራተኛ ተራ ሲመረጥ ከዚያ በፊት በዚህ ስፍራ ከተመረጡት ሁሉ ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ። በመጀመሪያው ዓመት 1,026 ያርድ በማስመዝገብ የተጠበቀውን አሳየ። በማግሥቱ ዓመት የቡድኑ ነባር ኳስ ወርዋሪ ወደ ሌላ ቡድን ሄደ፤ ፒትስም ጕልበቱ ተጐዳ፤ በተከታዮቹ ሦስት ውድድሮችም ወደ መጀመሪያው ልክ አልተመለሰም። እንግዲህ መልማዮቹ ተሳስተዋል እንበልን? የለኩት ፍጥነትና የክንድ ርዝመት ውሸት አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሰው የሚሠራው ብቻውን አይደለም። ኳሱን የሚወረውርለት፥ የሚያሠለጥነው፥ የሚታገሠው ሰው ያስፈልገዋል። የወጣቱን ልክ ስንመዘግብ፥ እርሱን የሚቀበለውን ቤት ልክ አብረን ካልመዘገብን ምዘናው ግማሽ ነው።

በተለይ ታይት ኤንድ ሁለት ሙያ ባንድ ጊዜ መማር ስላለበት፥ ብስለቱ ሊዘገይ ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በርግጥ ፈጥነው የሚበስሉም አሉ። በ2024 ዓ.ም. በ13ኛ ተራ የተመረጠው ብሮክ ባወርስ በመጀመሪያው ዓመቱ 112 ኳሶች ተቀብሎ የጀማሪዎችን ሁሉ መዝገብ አሻሽሏል፤ እርሱም በኢንዲያናፖሊስ ሩጫ ላይ አልተለካም ነበር። ስለዚህ ስለ ፍጥነትም ስለ መዘግየትም ሁሉን የሚገዛ ሕግ ማውጣት አይቻልም። በአንደኛው ዓመት የተሰጠ የመጨረሻ ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ችኩል ፍርድ ነው።

ስለ ጠባይ የሚሰጥ ፍርድ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አካልና ስለ ችሎታ ነው። መልማዮች ግን ከዚህ አልፈው የወጣቱን ጠባይ ሊመዝኑ ይሞክራሉ። አሠልጣኞቹን፥ መምህራኑን፥ ጎረቤቶቹን ይጠይቃሉ። በዚህ ስፍራ ሚዛኑ ወደ ሰው ውስጥ ሊገባ ስለሚሞክር፥ ኅሊናም ይበልጥ መንቃት ይኖርበታል።

በ2010 ዓ.ም. የኒው ኢንግላንድ ቡድን በአንድ ምርጫ ሁለት ታይት ኤንዶችን ወሰደ። ሮብ ግሮንካውስኪ በጀርባው ቀዶ ሕክምና ምክንያት ያለፈውን ውድድር ሳይጫወት ስለ ቀረ፥ ስለ አካሉ ጥርጣሬ ነበረ፤ በ42ኛ ተራ ተመረጠ። አሮን ሄርናንዴዝ ችሎታው የታወቀ ሲሆን ስለ ጠባዩ ጥርጣሬ ነበረ፤ እስከ 113ኛ ተራ ዘገየ። የመጀመሪያው የተጠራጠሩትን አካል ይዞ አራት ጊዜ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣ። ሁለተኛው በ2015 ዓ.ም. ሰው በመግደል ወንጀል ተፈርዶበት፥ በ2017 ዓ.ም. በእስር ቤት ሕይወቱን አጠፋ። ገና 27 ዓመቱ ነበር። ከሞተም በኋላ የመረመሩት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚያመጣው የአንጎል በሽታ በብርቱ እንደ ጎዳው አረጋገጡ።

የተገደለውን ሰውና የቤተሰቡን ኀዘን ሳንዘነጋ፥ ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። «ጥርጣሬያችን ልክ ነበር» ብሎ መርካት ቀላል ነው። ነገር ግን ጥርጣሬው ምን ሠራ? የወጣቱን ዋጋ ከፍ ካለው ዙር ወደ አራተኛው ዙር አወረደ እንጂ እርሱንም በእርሱ እጅ የጠፋውንም አላዳነም። በወጣት ላይ አደጋ ያየ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ አደጋውን ከዋጋው ላይ መቀነስ፥ ወይም ወጣቱን ከአደጋው ለማራቅ መድከም። የመጀመሪያው የነጋዴ ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው የወንድም ኀላፊነት ነው። ማንም ሰው ሁለተኛውን ቢያደርግ ፍጻሜው የተለየ ይሆን ነበር ብለን አንናገርም፤ ያን ማወቅ ለእኛ አልተሰጠም። የመጀመሪያው ብቻ ግን እንደማይበቃ ግልጽ ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ፍርድ ሲያስተምር እዚህ ላይ የሚረዳንን ልዩነት አስቀምጧል። ነገሮችን ስንመዝን በእውነት ልካቸው ልንመዝናቸው ይገባል፤ በሰው ላይ ስንፈርድ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ከሆነ ወደ በጎው ማዘንበል ይገባል። ሆኖም ጉዳትን ለመከላከል ስንል ክፉው ሊመጣ እንደሚችል አድርገን መጠንቀቅ የተፈቀደ ነው። መጠንቀቅ ማለት ግን መኰነን አይደለም። አንድ ቡድን በጥርጣሬ ምክንያት ገንዘቡን ቢቆጥብ ወጣቱን አልበደለም። ጥርጣሬውን እንደ ተረጋገጠ እውነት አድርጎ ስሙን በየስፍራው ቢያዞር ግን በድሎታል። ገና ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን ወሬ ለማስተባበል መድረክ የለውምና።

ሊጉ ራሱ ይህን በከፊል የተገነዘበ ይመስላል። በ2022 ዓ.ም. ለዕጩዎች ክብርን የሚነካ ጥያቄ የሚያቀርብ ቡድን በገንዘብና የመምረጥ ተራውን በማጣት ሊቀጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው የአእምሮ ችሎታ የጽሑፍ ፈተናም በዚያው ዓመት ቀረ። ሰውን በአንድ ወረቀት መለካት እንደማይቻል የተረዱት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከምርጫው በኋላ

የታይት ኤንዶችን ታሪክ ስናነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ። ጆን ማኪ በ1963 ዓ.ም. በባልቲሞር ቡድን ተመረጠ። እንደ ግዙፎቹ የሚገፋ፥ እንደ ፈጣኖቹም የሚሮጥ በመሆኑ ይህ የጨዋታ ስፍራ ዛሬ የያዘውን መልክ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ለላቀው ታይት ኤንድ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል። ማኪ የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ፥ ተጫዋች ውሉ ሲያበቃ ወደ ሌላ ቡድን እንዳይሄድ የሚያግደውን ደንብ ተከራከረ፤ በ1976 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት በስሙ በተከፈተው ክስ ለተጫዋቾቹ ፈረደላቸው። በ1992 ዓ.ም. የክብር አዳራሽ አባል ሆነ።

ይህ ሰው በኋላ የማስታወስ ኀይሉን በሚያጠፋ የአንጎል በሽታ ተያዘ። የጡረታ ገቢው ለእንክብካቤው አልበቃ ሲል ባለቤቱ ለሊጉ ኀላፊ አቤቱታዋን ጻፈች። ከዚህም የተነሣ ሊጉና ማኅበሩ ተስማምተው፥ በዚህ ዓይነት በሽታ የተያዙ የቀድሞ ተጫዋቾች በዓመት እስከ 88,000 ዶላር የሚረዱበት ሥርዓት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋቋመ። ሥርዓቱ የተሰየመው በማኪ የመለያ ቁጥር፥ በ88 ነው። እርሱም በ2011 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ቁጥር በሰው ላይ ሲለጠፍ የሚሆነውን ሁለት ነገር እዚህ እናያለን። በሜዳ ላይ 88 የአንድ ተጫዋች መለያ ነበር። በኋላ ግን ያው ቁጥር የታመመን ሰው ላለመርሳት የተገባ ቃል ስም ሆነ። ፈላስፋው ካንት በ1785 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፉ ዋጋ ያለውን ነገርና ክብር ያለውን ይለያል። ዋጋ ያለው ነገር ተመጣጣኙ ሲገኝ በሌላ ይተካል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ የለውም። ታይት ኤንድ በሌላ ታይት ኤንድ ይተካል፤ በየዓመቱ በሚያዝያም ይተካል። ጆን ማኪ ግን ለባለቤቱና ለልጆቹ የሚተካ አልነበረም። ምዘናው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ስሕተቱ የመጀመሪያውን ማየቱ አይደለም፤ ሁለተኛው የሌለ መስሎት መሄዱ ነው።

ለአንድ ተቃውሞ መልስ

«ይህ ንግድ ነው፤ ወጣቶቹም ብዙ ገንዘብ ያገኛሉ፤ ስለ ክብር መናገር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ገንዘብ ግን የሥራ ዋጋ ነው እንጂ የሰው ዋጋ አይደለም። ብዙ መከፈሉ ሰውን ዕቃ የማድረግ ፈቃድ አይሰጥም፤ ጥቂት መከፈሉም ክብሩን አያሳንስም። ደግሞም ብዙ ገንዘብ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በሰባቱ ዙር ስማቸው ከሚጠራው ይልቅ የማይጠራው እጅግ ይበዛል። የእነዚህ ወጣቶች ጥያቄ «ስንት ይከፈለኛል?» አይደለም። ከልጅነታቸው ጀምሮ የደከሙበት ነገር በአንድ ሌሊት ሲዘጋ «እንግዲህ እኔ ማን ነኝ?» የሚል ነው። ሚዛኑ ሰውን ሁሉ ይለካል ብለን ካስተማርናቸው፥ ሚዛኑ በጣላቸው ቀን የሚቆሙበት መሬት አይኖራቸውም።

ለሚመዝኑ ሁሉ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ነጥብ አንድ ነው። ሰው የሰውን ችሎታ ሊመዝን ይችላል፥ ይገባዋልም፤ ሰውን ራሱን ግን ሊመዝን አይችልም። ጻድቅ መዛኝ የሚባለውም ሚዛኑ የሚያበቃበትን ስፍራ ዐውቆ በዚያ የሚቆም ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ጥቂት ግዴታዎችን ያስከትላል። የመጀመሪያው፥ የማይቈጠረውን ሥራ ፈልጎ ማየት ነው፤ ኪትል በመንገድ ከፋችነት ያሳለፋቸውን ዓመታት የተመለከተ መልማይ ከቁጥሩ ባሻገር ሰውየውን አገኘ። ሁለተኛው፥ ያልታዘዘውን ሥራ አልሠራም ብሎ በማንም ላይ አለመፍረድ ነው። ሦስተኛው፥ መጠንቀቅን ከመኰነን መለየትና የሌላውን ስም እንደ ገዛ ስም መጠበቅ ነው። አራተኛውም፥ ከመረጡ በኋላ ኀላፊነትን አለመሸሽ ነው። ሰውን መርጦ መውሰድ ለእርሱ የሚሆን ቦታ፥ ትዕግሥትና ረዳት ለማዘጋጀት ቃል መግባትም ነውና።

እኛም ብንሆን መልማዮች ነን። በየቁምስናው ልጆችን የምታስተምሩ መምህራን፥ ጥያቄውን ፈጥኖ የሚመልሰውን ልጅ ማየት ቀላል ነው፤ ወንበር የሚያነሣው፥ ለታናናሾቹ ቦታ የሚለቀው፥ ሌላው እንዲያልፍ በዝምታ የሚሠራው ልጅ ግን በመዝገባችን ዓምድ ላይኖረው ይችላል። ወላጆችም አንዱን ልጅ ከሌላው ጋር ስታነጻጽሩ፥ የለካችሁት የትኛውን ሥራውን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

በ2025 ዓ.ም. ኮልስተን ላቭላንድ በዐሥረኛ፥ በዚያ ዓመት በማኪ ስም የሚሰጠውን ሽልማት የያዘው ታይለር ዋረን ደግሞ በ14ኛ ተራ ተመረጡ። ከሁለቱ ማን በልጦ እንደሚገኝ ሰዎች ገና ብዙ ዓመት ይከራከራሉ። ክርክሩ በልክ ከተያዘ ክፋት የለውም። ሁለቱም ወጣቶች ግን ከሰልፉ ጫፍ ሲቆሙ፥ ኳሱ ወደ እነርሱ በማይመጣበት ጊዜ፥ ለባልንጀራቸው መንገድ ለመክፈት ትከሻቸውን ይሰጣሉ። ያን ጊዜ የሚሠሩትን የሚያይ ሰው ማንም ቢሆን፥ ሰውን ማየት ጀምሯል።